ከካልጋሪ ምሥራቅ ለከተማው ምክር ቤት የሚቀርብ ሐሳብ፦ የማኅበር አባላት የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኦክቶበር 20፣ 2025 ምርጫ አለፈ፣ አዲሱ ከንቲባ ጄሮሚ ፋርካስ ሆነዋል። ምክር ቤቱ ኖቬምበር ላይ የ2026ን በጀት ይመለከታል። ማንም ነዋሪ ቀርቦ 5 ደቂቃ መናገር ይችላል። እኛም አንድ ጽሑፍ እናስገባ፣ አንድ ሰው ደግሞ ይናገር ብለን ተስማምተናል። የጫርኩት ይኸው። ሳትፈሩ ቁረጡት፦

«የቤት ዋጋ ይቀነስ። ኪራይ ይገደብ። የንብረት ግብር አይጨመር። የግሪን ላይን ባቡር ይፋጠን። ለወጣቶቻችን ሥራ ይፈጠር። የ17ኛ አቬኑ ነጋዴ ይደገፍ።»

ሒሳብ ያዡ፦
እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ይሄ ማመልከቻ ሳይሆን የስለት ዝርዝር ነው የሚመስለው። «ግብር አይጨመር፣ ባቡሩ ይፋጠን» ብለን በአንድ ትንፋሽ ከጠየቅን ይሳቅብናል። ክፍለ ሀገራችን አልበርታ የሽያጭ ግብር የላትም። ከተማው የራሴ የሚለው ትልቁ ገቢ የንብረት ግብር ነው። ለዕለት ሥራው በጉድለት መኖርም አይፈቀድለትም። ትልልቁን ነገር የሚሠራው የክፍለ ሀገሩንና የኦታዋን፣ ማለትም የፌዴራሉን መንግሥት፣ እጅ እያየ ነው።

ግሪን ላይንን ተመልከቱ። ሁለቱም በየፊናቸው 1.53 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ገብተው ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ክፍለ ሀገሩ «በዚህ ዕቅድ አልሰጥም» አለ። ከተማው ወዲያው ሥራውን ለመዝጋት ድምፅ ሰጠ። እንደገና ተስማምተው የባቡሩ ግንባታ የተጀመረው በ2025 ነው። ምክር ቤቱን አፋጥን ብንለው ቁልፉ ያለው ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ኪራይም እንደዚያው። የአከራይና ተከራይ ሕግ የክፍለ ሀገሩ ነው። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይጨመር ይላል እንጂ በስንት የሚል ጣሪያ የለውም።

ነርስ ረዳቷ፦
ጣሪያ እንደሌለው እኔን ጠይቁኝ። ከቶሮንቶ የመጣሁት በ2022 ነው። ያኔ አልበርታ «ኑልኝ» እያለች እዚያ ድረስ ማስታወቂያ ትለጥፍ ነበር። መጣሁ። ባለ ሁለት መኝታ ቤት በ1,350 ዶላር ገባሁ። ዛሬ እዚያው ቤት 1,900 እከፍላለሁ። ቧንቧው ያኔም ያንጠባጥብ ነበር፣ አሁንም ያንጠባጥባል። የቤት ዋጋ የሚለው ከወጣ እኔ መዋጮ የምከፍለው ለምንድን ነው?

የታክሲ ሹፌሩ፦
የኔ ልጅ፣ አትቆጪ። እኔም እውነቱን ልናገር። ማርቲንዴል ያለውን ቤቴን የገዛሁት በ2014 ነው። ወዲያው የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። የዳውንታውን ፎቆች ባዶ ቀሩ፣ ኤርፖርት ውሰደኝ የሚል ኮት ለባሽ ጠፋ። ቤቱም ከገዛሁበት በታች ዋለ። ስንት ዓመት ሙሉ ሞርጌጅ እየከፈልኩ ቁልቁል ሳየው ኖሬ አሁን ገና ቀና አለ። አሁን ደግሞ የገዛ ማኅበሬ «ይቀነስ» ብሎ በስሜ ሊፈርም ነው? ጡረታዬ እኮ እሱ ቤት ነው።

ጸሐፊው፦
ይኸው፣ ነገሩ ወጣ። እኛ ስንታይ አንድ ነን፣ ኪሳችን ግን ሁለት ነው። ከአባሎቻችን ግማሹ ተከራይ፣ ግማሹ ባለቤት ነው ማለት ይቻላል። ዋጋ ሲወጣ አንዱ ያለቅሳል፣ ሲወርድ ሌላው።

በዚያ ላይ ምክር ቤቱ የቤት ዋጋ አይተምንም። በኦገስት 2024 የካልጋሪ የተለመደ ቤት ወደ 600 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር፣ ለብቻው የቆመው ደግሞ ከ750 ሺህ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ረገብ ብሏል። ክፍት የኪራይ ቤትም በ2023 1.4 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2024 ከ4 በመቶ በላይ ሆነ። ይህን ሁሉ ያደረገው የሰው ፍልሰት፣ የባንክ ወለድና ግንባታው እንጂ የአንድ ማኅበር ደብዳቤ አይደለም። እህቴም ጋሼም ሳይከፋቸው አብረው የሚፈርሙበትን ነገር እንፈልግ።

የምግብ ቤቷ ባለቤት፦
ቤዝመንት ነዋ፣ ከቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት! ባለቤቱ ሞርጌጁን የሚገፋው በቤዝመንት ኪራይ ነው። አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈውም እዚያው ነው። ከመካከላችን ቤዝመንት ያልኖረ እስቲ እጁን ያውጣ።

የታክሲ ሹፌሩ፦
ስሜን እንዳታነሡ እንጂ የኔው ቤዝመንት የከተማው መዝገብ ላይ የለም። የመኝታ ቤቱ መስኮት ጠባብ ነው ተባልኩ። ለማስፋት ኮንክሪት መቁረጥ፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ኤሌክትሪኩን ማስተካከል አለ። ዋጋውን ስሰማ ዝም አልኩ።

ነርስ ረዳቷ፦
ጋሼ፣ እሳት ቢነሣስ? ተከራይዎ በየት በኩል ይወጣል?

የታክሲ ሹፌሩ፦
እሱ ነው እኮ እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ሒሳብ ያዡ፦
ጥሩ፣ እዚህ ላይ እንቁም። ይሄ የከተማው የራሱ ሥልጣን ነው። ግን ጠብ ያለበት ሜዳ መሆኑን እወቁ። በሜይ 14፣ 2024 ምክር ቤቱ በብዙ ሰፈሮች ለአንድ ቤት ብቻ ተይዞ በነበረ ቦታ ላይ ተጨማሪ ቤት እንዲሠራ የዞን ሕጉን ለመለወጥ 9 ለ 6 ወሰነ። ከ700 በላይ ሰዎች ተናግረውበታል። አዲሱ ከንቲባ ይህን ውሳኔ አሽራለሁ እያሉ ነው የተወዳደሩት። በሌላ በኩል ኦታዋ ለካልጋሪ ለቤት ግንባታ ማፋጠኛ እስከ 228 ሚሊዮን ዶላር ቃል ስትገባ የፈለገችው እንዲህ ያለ ለውጥ ነበር። ወገን ከያዝን ግማሹ ምክር ቤት ጆሮውን ይደፍንብናል። «ውሳኔው ቢሻርም ባይሻርም ቤዝመንት አይነካ» ብንል ግን ማን ይጠላናል?

የምግብ ቤቷ ባለቤት፦
እኔ አንድ ልጨምር። ከ2021 ጀምሮ ከተማው ባዶ ቢሮን ወደ መኖሪያ ለሚቀይር የፎቅ ባለቤት በካሬ ፉት 75 ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል። አልቃወምም፣ ዳውንታውን ሲያገግም ለሁላችንም ይበጃል። ፎቆቹ ዋጋ ሲያጡ የግብሩ ሸክም ወደ እኛ ወደ ትንንሾቹ መዞሩን አልረሳሁም። በ2019 ነጋዴው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሲጮኽ እኔም ነበርኩ። ግን ለፎቅ በካሬ ፉት የሚቆጥር ከተማ ለጋሼ መስኮትም በጀቱ ላይ ቋሚ መስመር ይክፈት። ይህቺን የሚናገረው ሰው እንዳይረሳት።

ሰብሳቢዋ፦
ይህቺማ ትገባለች! እንደውም መጀመሪያ ላይ።

ጸሐፊው፦
ስለ ግብርም አንድ ነገር ላጥራ፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት። ጃንዋሪ ላይ የቤታችን ግምት ወረቀት ሲመጣ «ዋጋው ጨመረ፣ ግብሬም በዚያው ልክ ሊጨምር ነው» ብላችሁ አትደንግጡ። ከተማው መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ጠቅላላ ገንዘብ ይወስናል፣ ከዚያ በግምቱ ልክ ያከፋፍለዋል። የሁላችንም ቤት እኩል ከጨመረ ድርሻችን አይለወጥም። የሚጎዳው ቤቱ ከሌላው ይልቅ የጨመረበት ሰው ነው። በዚያ ላይ ሒሳቡ ውስጥ ክፍለ ሀገሩ ለትምህርት የሚሰበስበውም አለበት። ያንን ምክር ቤቱ አይነካውም። «ግብር አይጨመር» የሚለውን አውጡት።

ነርስ ረዳቷ፦
እሺ፣ ቤዝመንቱ ላይ እፈርማለሁ። ባሱንስ? ማክስ ፐርፕል የሚባለው ፈጣን ባስ በ17ኛ አቬኑ ከ2018 ጀምሮ በራሱ መስመር እየሮጠ ነው፣ ቀን ቀን ጥሩ ነው። የማታ ሺፍት ጨርሼ ስወጣ ግን ቆሜ የምቀረው እኔ ነኝ። መጋዘን የሚሠሩትም፣ ኤርፖርት የሚያጸዱትም እንዲሁ ናቸው። መኪና የምንገዛው አምሮን አይደለም። መኪናው ኢንሹራንሱ፣ ነዳጁ፣ የክረምት ጎማው ተደምሮ ሁለተኛ ኪራይ ነው።

የታክሲ ሹፌሩ፦
ባስ ሲቀር እኮ የምበላው እኔ ነኝ። ገበያዬን ልትዘጉት ነው። ይሁን፣ ጻፉት።

ጸሐፊው፦
ከግሪን ላይን ጋርም እናያይዘው። አሁን የሚሠራው መስመር በደቡብ ምሥራቅ እስከ ሼፐርድ ነው። ያ አቅጣጫ መጋዘንና ፋብሪካ የሞላበት ነው፣ ስንት ልጆቻችን እዚያ ይሠራሉ። ማክስ ፐርፕል ደግሞ ኢንግልዉድን አልፎ ነው ዳውንታውን የሚገባው። ባቡሩም ራምዚና ኢንግልዉድ ጋ ጣቢያ ይኖረዋል። ሁለቱ እዚያ ይገናኙ፣ ሰው ከዜሮ በታች 30 ብርድ ላይ በእግሩ አይሂድ። ይሄ በቢሊዮን የሚቆጠር ጥያቄ አይደለም። ዲዛይን ላይ እያለ ከተነገረ ርካሽ ነው፣ ካለቀ በኋላ ግን ማን ያፈርሰዋል?

የምግብ ቤቷ ባለቤት፦
ውሃውስ? ጁን 5፣ 2024 ትልቁ የውሃ መስመር ሲፈነዳ ምን እንደሆንን ረሳችሁ? ሻወር አሳጥሩ፣ ልብስ ማጠብ ቀንሱ ተባልን። እኔ የእንጀራ ምጣድና ድስት ታቅፌ ውሃ በጆግ ስለካ ከረምኩ። ያ ቧንቧ በ1975 የተቀበረ ነው፣ ገና 50 ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። ከከተማው የተጣራ ውሃ ከግማሽ በላይ የሚያልፈው በሱ ነው ተባለ።

ሒሳብ ያዡ፦
በዚያው ዘመን ለሆኪ አዳራሽና በዙሪያው ለሚሠራው 1.22 ቢሊዮን ዶላር ተገኘ። ከዚያ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላይ የከተማው ነው። ይህን ሳልናገር መሞት አልፈልግም።

ሰብሳቢዋ፦
ወንድሜ፣ አትሙት፣ ግን እዚያ አትናገረው። ውሉ ተፈርሟል፣ ጉድጓዱም ተቆፍሯል። 5 ደቂቃችንን ለአዳራሹ ከሰጠናት ሁለቱን ጥያቄዎቻችንን የሚሰማ አይኖርም። ስለ ቧንቧው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ፦ ከአዲስ ነገር በፊት የተቀበረው ይጠገን።

ወጣት ተወካዩ፦
«ሥራ ይፈጠር» የሚለውስ የት ደረሰ? የኛ ነበር እኮ።

ጸሐፊው፦
የኔ ወንድም፣ ከተማው ቀጣሪ ሆኖ ላንተ ሥራ አይፈጥርም። ማታ የሚሄድ ባስ ግን የማታ ሥራ እንድትይዝ ያደርግሃል። በዚያ ገብቷል።

ወጣት ተወካዩ፦
አልጠገብኩም። ግን እሺ።

ሒሳብ ያዡ፦
ሌላ ነገር። ይህ በጀት የ2023–2026 የአራት ዓመት ዕቅድ መጨረሻ ነው፣ ብዙ ቦታ የለውም። ትልቁ ድልድል የ2027–2030 ነው፣ እሱ የሚወሰነው በኖቬምበር 2026 ነው። ዘንድሮ መሄዳችን ፊታችንን ለማስለመድ ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ የዋርዶቻችንን (የምርጫ ወረዳዎቻችንን) የምክር ቤት አባላት ቡና እየጋበዝን ማነጋገር አለብን። አንድ ጊዜ ተናግሮ የጠፋን ማኅበር ማንም አያስታውሰውም።

ሰብሳቢዋ፦
እሺ፣ የተስተካከለው እነሆ፦

«እኛ በካልጋሪ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ የምንኖር ተከራዮችና ባለቤቶች ነን። ስለ ዞን ሕጉ ምንም ቢወሰን የቤዝመንት መኖሪያ እንዳይነካ እንጠይቃለን። ቤዝመንቱን ሊያስመዘግብ የሚመጣውን ባለቤት ከተማው ከመቅጣት ይልቅ ይርዳው፣ ለመስኮትና ለእሳት ደኅንነት ወጪም በጀቱ ላይ ቋሚ መስመር ይክፈት። በ17ኛ አቬኑ ያለው ባስ የማታ ሠራተኛን ቤቱ እስኪያደርስ ይቆይ፣ ኢንግልዉድ ላይም ከአዲሱ ባቡር ጋር በደንብ ይያያዝ። አዲስ ከመገንባቱ በፊት የተቀበረው የውሃ መስመር ይጠገን።»

የሚቃወም አለ?

ነርስ ረዳቷ፦
«ተከራዮችና ባለቤቶች» የሚለው ይቆይ። ተከራዮች መቅደማቸውም ደስ ብሎኛል።

የታክሲ ሹፌሩ፦
አይቻለሁ፣ አይቻለሁ። ዝም ብያለሁ። ማን ይናገር?

የምግብ ቤቷ ባለቤት፦
እርስዎና እሷ አብራችሁ ሂዱ። እሷ ሦስት ደቂቃ፣ እርስዎ ሁለት።

የታክሲ ሹፌሩ፦
እኔ መዝገብ ላይ የሌለ ቤዝመንት ይዤ ማዘጋጃ ቤት?

ሰብሳቢዋ፦
ስለ ባሱ ይናገራሉ፣ ጋሼ። ልምምድ ቅዳሜ በ4 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነው።

ነርስ ረዳቷ፦
በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

ሰብሳቢዋ፦
በሐበሻ። ጠዋት ነው። ባለፈው ጊዜ ከሰዓት በኋላ የመጣችሁትን አውቃችኋለሁ።