የ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች ጉዞ ከሜሪላንድ፦ የትኛው ፓርክ ይሻላል?

የሲልቨር ስፕሪንግ ወላጅ
ጤና ይስጥልን። የልጆቻችን ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹን አርብ ጁን 5 ቀን 2026 ወደ መዝናኛ ፓርክ ሊወስድ ነው። ቅርባችን የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ስለተዘጋ የወላጅ ኮሚቴው ሌላ መምረጥ አለበት። የታሰቡት ሄርሺፓርክ (ፔንሲልቬንያ)፣ ኪንግስ ዶሚኒየንና ቡሽ ጋርደንስ (ሁለቱም ቨርጂንያ) ናቸው። ተማሪዎቹ 50 ናቸው፣ ብዙዎቹ የሐበሻ ልጆች። ጉዞው ደርሶ መልስ ነው፣ በአንድ አውቶቡስ። ምኑን እናስቀድም?

ስምሪት
ከሮለር ኮስተሩ በፊት የሾፌሩን ሰዓት አስሉ። በፌዴራል ሕግ የመንገደኛ አውቶቡስ ሾፌር 8 ተከታታይ ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው 10 ሰዓት ብቻ ነው። ሥራ ላይ 15 ሰዓት ከሞላው ደግሞ መሪ መያዝ አይችልም። ቆጠራው የሚጀምረው ልጆቹ ሲሳፈሩ ሳይሆን ሾፌሩ ጋራዥ ገብቶ አውቶቡሱን መፈተሽ ሲጀምር ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሥራ የገባ ሾፌር ፓርኩ ውስጥ ሲጠብቅ የዋለው ሁሉ ከተቆጠረበት ማታ 2 ሰዓት ላይ አበቃለት ማለት ነው። ልጆቹ ገና ወረፋ ላይ ናቸው። መፍትሔው በቀን ከሥራ ነፃ የሚሆንበትን ሰዓት ውል ላይ ማስጻፍ ነው፤ የእረፍት ሰዓት ከ15ቱ ውስጥ አይገባም። ካልሆነ ሁለተኛ ሾፌር ክፈሉ።

በዚህ ስሌት ቡሽ ጋርደንስ ከምርጫው ይወጣል። እጅግ ያማረ ፓርክ ነው፣ ግን መንገዱ ክፍት ሆኖ እንኳ ለአንድ ጉዞ 3 ሰዓት ያልፋል። አንድ ሌሊት ለሚያድር ቡድን ይሁን። ኪንግስ ዶሚኒየን በማይል ከሄርሺ ይቀርባል፤ ችግሩ አይ-95 የሚባለው አውራ ጎዳና ነው። ከስፕሪንግፊልድ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያለው መንገድ አርብ ከሰዓት ወደ ደቡብ ይታነቃል። እናንተ በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን ስለምትመለሱ መመለሻው ብዙም አያስቸግርም፤ መሄጃው ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ካልተነሳችሁ ቀኑን ይበላዋል። ወደ ሄርሺ በአይ-83 በአውቶቡስ 2 ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ሌላው ወንበር ነው። የተለመደው ትልቅ አውቶቡስ 56 ሰው ይይዛል፤ 50 ተማሪና 6 አጃቢ ልክ ሞላው። አንድ ሰው ከተጨመረ ሁለተኛ አውቶቡስ ነው። ለምሳሌ አውቶቡሱ 2,800 ዶላር ቢሆን ለ50 ተማሪ በነፍስ ወከፍ 56 ዶላር ይደርሳል፤ 10 ልጅ ቢቀር 70 ይሆናል። ስለዚህ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ተማሪ የማይመለስ ቀብድ ሰብስቡ።

ጉዞ አስተባባሪ
ኪንግስ ዶሚኒየን ለፍጥነት ወዳዶች ነው፤ ፓንቴሪያን የሚባለው ሮለር ኮስተር ብቻ 305 ጫማ ከፍታ አለው። ግን ከ50 ልጅ ውስጥ ከፍታ የሚፈሩ አይጠፉም፣ እነሱም ከፍለው ነው የሚገቡት። ሄርሺፓርክን የምመርጠው ለዚህ ነው። 210 ጫማ የሆነው ካንዲሞኒየም ለደፋሮቹ አለ፤ ለሌሎቹ የእንስሳት ማቆያውና የውሃ መጫወቻው በዚያው ትኬት ይገባሉ፣ አጠገቡ ያለው የቸኮሌት ማሳያም መግቢያው ነፃ ነው።

ሁለት ነገር ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሩ። ትልልቆቹ ኮስተሮች መግቢያ ላይ የመሞከሪያ መቀመጫ አላቸው። ሰውነቱ ገዘፍ ያለ ልጅ እዚያ ይሞክር፤ አንድ ሰዓት ተሰልፎ ቀበቶው አልዘጋ ብሎ በጓደኞቹ ፊት ከሚወርድ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሻርፕም ሆነ ነጠላ ተንጠልጥሎ አይሳፈሩበትም፣ ጎማ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ሂጃብ ጫፉ ልብስ ውስጥ በደንብ ይግባ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ወላጅ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ምግቡስ? ምሳ ቋጥረን አውቶቡስ ውስጥ ብንተውስ?

እመ ሁለት
እህቴ፣ ቀኑን አስተውዪው። ዘንድሮ ጰራቅሊጦስ ሜይ 31 ነው፣ ጾመ ሐዋርያት በማግስቱ ሰኞ ይገባል። አርብ ጁን 5 ጾም ነው፤ ያውም ሃምሳው ቀን አልፎ አርብ የሚጾምበት የመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ ልጆቹ ይዘነጉታል። ፓርክ ውስጥ የጾም ምግብ ፍለጋ ቀላል አይደለም። ድንች ጥብሱ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ይችላል፣ ፕሬትዝሉ ቅቤ ይቀባል፤ ሳይቀባ እንዲሰጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጾም በያይነቱ ቋጥራችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ወጡ ፈሰስ ካለ ግን እንጀራው እስከ ምሳ ይርሳል፣ ስለዚህ ለየብቻ ዕቃ ይያዝ። ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ መብያው ከበር ውጭ ነው፤ ስትወጡ ተመልሳችሁ ለመግባት የሚያስችለውን ምልክት ማስደረግ አትርሱ።

ስምሪት
እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሾፌሩ ለእረፍት ከተለቀቀ አውቶቡሱ ተቆልፏል፣ ምናልባትም ቦታው ላይ የለም። ወይ ምሳውን 6 ሰዓት ላይ አውርዶላችሁ እንዲሄድ ተስማሙ፣ ወይ አንድ ወላጅ በራሱ መኪና ያምጣው።

ጉዞ አስተባባሪ
ስለ ዝናብም ልጨምር። መብረቅ ከቀረበ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች በሙሉ ይቆማሉ፣ ፓርኩ ግን በዚህ ምክንያት ገንዘብ አይመልስም። የቡድን ትኬቱን ስትገዙ ለሌላ ቀን መዛወር ይችል እንደሆነ በጽሑፍ መልስ ያዙ፣ አውቶቡሱንም ያንኑ ጠይቁት። አንዱ ተዛውሮ ሌላው ካልተዛወረ ምንም አልጠቀማችሁም።