ከምድጃው በላይ ይሰቀላል? (ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ ይዘራ ወይስ አይዘራ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር)

የቃሉ ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። አባቴ ቃሉ ወረዳ ማሽላና በቆሎ ያርሳል። ዘንድሮም በቆሎውን ተምች በላበት። ያ በ2009 ዓ.ም. አገር ውስጥ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች። የበቆሎው ልብ ውስጥ ይገባና የተጋዘ እንጨት ብናኝ የመሰለ ኩሱን ትቶ ነው የሚታወቀው። እኔና እህቴ ክረምቱን በጣታችን እያወጣን ስንጨፈልቅ ከረምን። አሁን ሰው “ተምች የማይደፍረው በቆሎ ሊመጣ ነው፣ ዘረመሉ የተለወጠ” አለው። ደውሎ “ሲመጣ ልዝራው?” አለኝ። እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ ሞባይል እጠግናለሁ። ምን ልበለው?

የሰኞ ገበያዋ፦ አትዝራው በለው! ተምች በልቶ የሚሞትበትን እህል ሰው በልቶ ሊድን ነው? ፈጣሪ አሳምሮ የሠራውን መነካካት ምን ይሉታል?

መምህሩ፦ እትዬ፣ የተምችና የሰው ሆድ አንድ አይደለም። አፈር ውስጥ የሚኖር ቢቲ የሚባል ባክቴሪያ አለ። አንድ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት መመሪያ ነው ዘረመል የሚባለው። ያቺን መመሪያ ወስደው የበቆሎው ህዋስ ውስጥ ከተቷት። አሁን በቆሎው ራሱ ፕሮቲኑን ይሠራል ማለት ነው። ተምቹ ሲበላው ፕሮቲኑ የአንጀቱ ህዋሳት ላይ ተጣብቆ ይበሳቸዋል። የእኛ አንጀት ላይ ግን የሚጣበቅበት የለውም፤ እንደ ሌላው ፕሮቲን ተፈጭቶ ያልፋል።

ደግሞ “ዘረመል ያለበት እህል አንበላም” የምትሉ አላችሁ። ኧረ ተዉ! አስተምር በነበረ ጊዜ ሙዝ አስፈጭቼ፣ ጨውና ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ቀዝቃዛ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ እያደረግሁ አፈስበት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ነገር እንደ ንፍጥ ይንሳፈፋል። በስንጥር ስትጠቀልለው ይሳባል። ዲኤንኤ፣ ዘረመል የሚጻፍበት ነገር ማለት፣ ያ ነው። ያን ቀን ሙዝ አልበላም ያለ ተማሪ ነበረኝ። ጤፍም በየህዋሷ 40 ክሮሞዞም፣ ማለትም ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ክር፣ አላት። እኛ 46። ከእኛ የምታንሰው በ6 ብቻ ነው።

የሰኞ ገበያዋ፦ መምህር፣ ያስቃሉ። ግን የፈጣሪውን ነገር አልመለሱልኝም።

መምህሩ፦ በቅሎ ላይ ተቀምጠው አያውቁም? አህያና ፈረስ ማን አዳቀለ? “በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች።” ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63 ክሮሞዞም ይዛ ትወለዳለች። መካን የሆነችውም ክሮሞዞሟ አልጣመር ስላላት ነው።

ከጦሳ ስር፦ መምህር፣ ይቅርታ፣ ይሄ ምሳሌ አይሆንም። አህያና ፈረስ ዘመዳሞች ናቸው። ባክቴሪያና በቆሎን የትኛው አባወራ ነው ያዳቀላቸው?

መምህሩ፦ ልክ ነህ። በቅሎዋን መልሻለሁ።

ስኳሬ፦ ስለ ፈጣሪ ከተነሳ እኔም ልናገር። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ድሮ ኢንሱሊን የሚወጣው ከበሬና ከአሳማ ቆሽት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ነው የሰው ኢንሱሊን ዘረመል የገባበት ባክቴሪያ የሠራው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው። እኔ የምወጋው እንደዚያ የተሠራውን ነው። ወላሂ፣ የአሳማውን ከምወጋ ይሄ ይሻለኛል። “ፍጥረት መነካካት ሐራም ነው” የምትሉ እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?

የሰኞ ገበያዋ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያሽርህ። ግን አንተ ታመህ ነው የወጋኸው። እኔ ሳልታመም ለምን? መድኃኒቱ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ነው። በቆሎው ሜዳ ላይ ነው። ነፋስ የወሰደውን የአበባ ብናኝ ማን ይመልሰዋል?

መምህሩ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። በቆሎ በነፋስ ነው የሚዳቀለው። የጎረቤት ማሳ ቅርብ ከሆነ ይቀላቀላል፣ አልክድም። ማሽላ ግን ከበቆሎ ጋር አይዳቀልም፣ ለእሱ አትስጉ።

የኮምቦልቻው ፈታይ፦ እናንተ ስለ በቆሎ ታወራላችሁ፣ ጥጡ ቀድሟችኋል እኮ። ቢቲ ጥጥ እንዲዘራ በ2010 ዓ.ም. ተፈቅዷል። በቆሎው ያኔ የተፈቀደለት ታጥሮ እንዲሞከር ነበር። እኔ ክር ላይ ነው የምሠራው፣ ጥጥ ስይዝ በጣቴ ሳብ አድርጌ ነው የማየው። አጭር ከሆነ ክሩ ማሽኑ ላይ ይበጠሳል፣ ሌሊቱን ስትቀጥል ታድራለህ። ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቢቲ ጥጥ ዘራች። ትሉን ተከላከለላት። ግን ጥጡ አጠረባትና ዋጋዋ ወረደ። በ2016 ተወችው። ማንም አልተመረዘም። የከሰሩት ገበያ ላይ ነው። ይሄን “መርዝ ነው፣ መርዝ አይደለም” የሚለውን ጭቅጭቅ ተዉትና ገበያውን እዩ።

ከጦሳ ስር፦ እኔም ወደዚያው ነኝ። ለጤና አልሰጋም። የምሰጋው ለባለቤትነቱ ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ የዚሁ የወሎ ነው።

“ወተት በጉንጬ” የሚባል ማሽላ ታውቃላችሁ? እሸቱን ጠብሰው የሚበሉት። አያቶቻችን ስሙን ዝም ብለው አላወጡለትም። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌላው ማሽላ በጣም የበዛባቸው ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ናቸው። ግኝቱን ያሳተሙት መቼ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1973። ወሎ በረሃብ ባለቀችበት ዓመት! ዓለም የሚፈልገው ዘረመል ማሳችን ላይ ቆሞ እኛ መንገድ ላይ ወደቅን። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይም አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር። የዚያው አገር ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው፣ እ.ኤ.አ.። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ዕድሜ ልካቸውን የተከራከሩት ስለዚህ ነው። ዘረመሉ የተለወጠ ነገር አገር ውስጥ የሚገባበትን የሚወስነው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ፣ 655/2001፣ ሲወጣ ጠበቅ ያለ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ግን ተሻሽሎ ላላ።

መምህሩ፦ እሱን አልቃወምም። ግን ልጄ፣ ተምቹ አዋጅ አያነብም። የሰው አባት በጣቱ እየለቀመ ነው።

ከጦሳ ስር፦ ሌላም መንገድ አለ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት በማዳቀል ነው። የዓለም የምግብ ሽልማትን በ2009 እ.ኤ.አ. አስገኝቶላቸዋል። የሌላ ፍጥረት ዘረመል አልገባበትም።

መምህሩ፦ አቀንጭራን የሚቋቋመው ዘረመል ማሽላው ውስጥ ተገኘ፣ ተዳቀለ። ተምቹን የሚገድለው ግን በቆሎ ውስጥ ባይገኝስ? ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ስኳሬ፦ የቃሉ ልጅ ጠፋህሳ። አባትህ ምን አሉ?

የቃሉ ልጅ፦ አሁን ነው ስልክ የዘጋሁት። የጻፋችሁትን አነበብኩለት። ባክቴሪያውን፣ ዲኤንኤውን፣ ኢንሱሊኑን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማኝ። “ወተት በጉንጬ” ስል ብቻ ሳቀ። ለዘር የለያት ጥቂት ራስ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ እንደተሰቀለች ናት፣ ነቀዝ እንዳይደፍራት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ “ያ አዲሱ በቆሎ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል?” መምህር፣ ምን ልበለው?

መምህሩ፦ ይሰቀላል በለው። ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው እንደ እናቱ አይሆንም። ዘረመሉ ስለተለወጠ አይደለም። የተዳቀለ ዘር ስለሆነ ነው፤ ዛሬ ከገበያ የሚገዛው ምርጥ ዘር በቆሎም እንደዚያው ነው። በየዓመቱ መግዛት አለበት።

የቃሉ ልጅ፦ ነገርኩት። “እንግዲያው በማሳው ግማሽ ይሞከራል፣ ማሽላዋን ግን እንዳትነኩብኝ” አለ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ያቺን ወተት በጉንጬ እሸት ስትደርስ አንድ ኩንታል ይላክልኝ። ዋጋዋን እኔና አባትህ እንነጋገራለን።