ደረት ሳያምም ሀርት አታክ ይኖራል እንዴ?

ፀደይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ሰሞኑን ደረጃ ስትወጣ መንጋጋዋን ያማታል፣ ትከሻና ትከሻዋ መሃል ይከብዳታል፣ አረፍ ስትል ይተዋታል። አሁን ግን ቁጭ ባለችበት አቅለሸለሻት፣ ግንባሯ ላይም ቀዝቃዛ ላብ ችፍ አለ። «ደረቴን አላመመኝም፣ ጨጓራዬ ነው» ብላ ጋደም ብላለች። እኔ ነኝ በከንቱ የምደነግጠው?

ቀና_ሰው፦ ጨጓራ ነው የሚመስለው። የጨጓራ መድኃኒት ስጫትና እስከ ነገ እያት።

ነርሷ፦ ፀደይ፣ እሱን አትስሚው! አሁኑኑ አምቡላንስ ጥሪ፣ ይሄን በኋላ ታነቢዋለሽ። የጨጓራ መድኃኒት ቢያሻላቸው እንኳ ልብ አይደለም ማለት አይቻልም። ስኳር ሲቆይ ነርቭ ስለሚጎዳ ደረታቸውን ጭራሽ ላያማቸው ይችላል። በሴቶችና በዕድሜ በገፉ ሰዎችም እንዲህ ግራ በሚያጋባ መልክ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መንጋጋ፣ ጀርባ፣ ከእምብርት በላይ ማቃጠል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም። ሲንቀሳቀሱ መጥቶ ሲያርፉ የሚሄድ ሕመም ያጠራጥራል፣ ቁጭ ባሉበት ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በእግራቸው ደረጃ እንዳይወርዱ።

የቤቱ_ታላቅ፦ አባቴ ጥርሴን ነው ብሎ ሊያስነቅል ሄዶ ነበር። ሐኪሙ ጥርሱን አንድ በአንድ ነካክቶ ምንም ሲያጣ «ሲያኝኩ ነው ወይስ ሲራመዱ የሚያምዎት?» አለው። «ስራመድ።» ጥርሱን ትቶ በቀጥታ ወደ ልብ ሐኪም ላከው፣ እውነትም ልቡ ነበር። እና ፀደይ፣ የመጀመሪያው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) ደህና ነው ቢሏችሁ ብድግ ብላችሁ እንዳትወጡ። መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ትሮፖኒን የሚባለውም የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ይደገማል።

ፀደይ፦ ጠርቻለሁ፣ እየመጡ ነው። ቤት ውስጥ አስፕሪን አለ፣ ልስጣት?

ነርሷ፦ ስልክ ላይ ያሉትን ጠይቂያቸው። አለርጂ ወይም የሚደማ የጨጓራ ቁስል ከሌለባቸው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ካልጀመሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 300 ሚሊግራም አኝከው እንዲውጡ ይባላል። መታኘኩ ቶሎ እንዲሠራ ነው። ጀርባቸውን አስደግፈሽ አስቀምጫቸው፣ ምግብ አትስጪ፣ በሩን ክፈቺ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ፌስታል ውስጥ ክተቺ። የዛሬው ሕመም ስንት ሰዓት እንደጀመራቸውም ጻፊ፣ ስትደርሱ ይጠይቁሻል።