የጋራ ልብስ መቀየሪያ በመዋኛ ገንዳ፦ ይፈቀድ ወይስ ይለይ?

አወያይ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መሃል አዲስ አበባ ላይ፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ አዲስ ሕንጻ ሲነሳ ጂምና መዋኛ ገንዳ ማስገባት እየተለመደ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሴት፣ የወንድ ተብሎ ሁለት ክፍል መሥራቱ ቀርቶ አንድ የጋራ አዳራሽ ይሠራና ውስጡ ትንንሽ መቀየሪያዎች ይደረደሩ የሚል ሐሳብ ይነሳል። ጥያቄው ይህ ነው፦ የሴቶችን ገመናና ደህንነት ይጠብቃል? ይከልከል ወይስ መሥፈርት ወጥቶለት ይፈቀድ? በልኬትና በአሠራር ተከራከሩ።

ሰብለ፦
እኔ ይለይ ባይ ነኝ። ሰንደይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መረጃ አለ። በመዋኛና በስፖርት ማዕከላት መቀየሪያ ክፍሎች ውስጥ ስለ ወሲባዊ ጥቃት፣ ስለ ድብቅ እይታና ስለ ትንኮሳ ከቀረቡት 134 አቤቱታዎች 120ዎቹ የጋራ ክፍሎችን የሚመለከቱ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንድ የሴቶች ክፍል ውስጥ ቢታይ ገና በሩ ላይ «ምን ፈለግህ?» ይባላል። በጋራ አዳራሽ ግን እዚያ መገኘቱ ብቻ አያስጠይቀውም። ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ቢነካካ፣ አሥር ባዶ ክፍል እያለ አንዲት ሴት ካለችበት አጠገብ ቢገባ፣ ማን ምን ብሎ ያስወጣዋል? ጥበቃው በእጁ የነበረውን ቀላል መለያ ይነጠቃል።

ዳዊት፦
ሰብልዬ፣ ቁጥሩን አልክድም። ግን በየዓይነቱ ስንት ሰው እንደተጠቀመ ስለማይነግረን ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ደቡብ ኮሪያን ተመልከቺ። ድብቅ ካሜራ የሚቀበረው የሴቶች ተብለው በተለዩ ሽንት ቤቶችና መቀየሪያዎች ውስጥ ጭምር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሴኡል ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አደባባይ የወጡት በዚህ ተማረው ነው። በር ላይ የተለጠፈ የቀሚስ ሥዕል ካሜራ አያስቆምም።

ገመና የሚወጣው በክፍተት ነው። ስልክ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከክፍልፋዩ ሥር 15 ወይም 20 ሴንቲ ክፍት ከተተወ ነገሩ አለቀ። ከላይም ኮርኒስ ካልነካ አጠገብ ያለው ሰው አግዳሚው ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ደግሞ ውሃ ሲነካው እንደ መስታወት ሆኖ በዚያው ክፍተት ሥር ያለውን ያሳያል። እኔ የምለው ከወለል እስከ ኮርኒስ የተዘጋ፣ የራሱ መቆለፊያ ያለው ክፍል ይሁን ነው። ለእኛ ባዕድ ነገርም አይደለም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን የሳባቸው ፍል ውሃ ዛሬም መሃል ከተማ ላይ አለ፤ ተገልጋዩ የሚታጠበው በየግል ክፍሉ በሩን ዘግቶ ነው። እዚያ ገመናን የሚጠብቀው ግድግዳውና በሩ ነው።

ሰብለ፦
ፍል ውሃን ማንሳትህ ለእኔ ይረዳኛል፣ ዳዊት። እዚያ ልብስ የሚወልቅበት፣ የሚታጠቡበትና ተመልሶ የሚለበስበት ያው አንድ ክፍል ነው። በመዋኛ ገንዳ ግን ሰው ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥም፤ ይወጣል፣ ይገባል።

ፋጡማ፦
ሰብለ የጀመረችውን ልቀጥል፤ ዋናው ነገር የሚረሳው እዚህ ላይ ስለሆነ። ክርክሩ ሁሉ ስለ መቀየሪያዋ ክፍል ይሆንና በክፍሏና በሻወሩ መካከል ያለው መንገድ ይዘነጋል። የአንዲት ሴትን አካሄድ በተራ እንከተል። በልብሷ ትገባለች። ትቀይራለች። ዕቃዋን ሎከር ውስጥ ታስቀምጣለች። ወደ ገንዳው ከመግባቷ በፊት በዋና ልብሷ ትታጠባለች። ትዋኛለች። ስትመለስ ክሎሪኑን ለማስለቀቅ የዋና ልብሷን አውልቃ በሳሙና መታጠብ አለባት። ሻወሩ መቀየሪያዋ ውስጥ ከሌለ በፎጣ ተጠቅልላ በወንዶች መካከል ማለፍ ግድ ይሆንባታል። መስታወቱና የፀጉር ማድረቂያውም ያሉት የጋራው ቦታ ላይ ነው። ሂጃብ ለምታደርግ ሴት ፀጉሯን የምታደርቅበት ቦታ የለም ማለት ነው። ነጠላዋን ሳትጥል ከቤት የማትወጣ እናትም ብትሆን በፎጣ አዳራሽ አታቋርጥም። ሁለቱም መጨረሻቸው አንድ ነው፤ መዋኘቱን ይተዉታል። ቤታቸው የቀሩት ደግሞ በማንም የአቤቱታ መዝገብ ላይ አይቆጠሩም።

ዳዊት፦
ፋጡማ፣ ትክክል ነሽ፤ ይህን ነጥብ እቀበላለሁ። መፍትሔው ሻወሩን እዚያው ክፍል ውስጥ ማስገባት ነው። 90 በ90 ሴንቲ እርጥቡ፣ 90 በ120 ደረቁ፣ በመሃል ውሃ የሚያቆም ትንሽ እርከን።

ፋኖስ፦
ወንድሜ ዳዊት፣ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የጥገናውን ሰው ቋንቋ ልናገር። የነገርከን ክፍል ግድግዳውን ሳይጨምር ወደ 1.9 ካሬ ሜትር ይሆናል። አሥር ክፍል 19 ካሬ። ሁለት ሰው የሚተላለፍበት 1.5 ሜትር መተላለፊያ፣ ሎከርና መስታወት ሲጨመር 35 ካሬ ይጠጋል። አሥር የውሃ መስመር፣ አሥር የወለል ፍሳሽ ከነሲፎኑ፣ አሥር የአየር መሳቢያ። አግዳሚና የጋራ ሻወር ያላቸው ሁለት የተለዩ ክፍሎች ለዚያው ሰው ቁጥር ከዚህ ባነሰ ቦታና ወጪ ይሠራሉ። ስለዚህ ባለቤቱ «ቦታ ለመቆጠብ ነው የጋራ ያደረግኩት» ሲል ሻወሩ ተቀንሷል ወይም ክፍልፋዩ አጥሯል ማለት ነው። በደንብ የተሠራ የጋራ ክፍል ርካሽ አይደለም።

ዕቃውም ላይ ጥንቃቄ አለ። ቺፑድ በእርጥበት ያብጣል፣ በዓመት ውስጥ ጠርዙ ይበላል፣ በሩ አልገጥም ይላል፣ ከዚያ ክፍተት ይፈጠራል። ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ የማይገባው የታመቀ ላሚኔት ወይም የግንብ ግድግዳ ይሻላል። ርካሽ መቀርቀሪያ በክሎሪን አየር ይዝጋል። 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ዋጋው ከፍ ቢልም ይቆያል። በአሲድ የደበዘዘ መስታወት እንዳትጠቀሙ፤ የደበዘዘው ገጽ ውሃ ሲነካው ያሳያል። መጋረጃማ ጭራሽ አይታሰብ፤ የአየር መሳቢያው መሥራቱ ብቻውን ይገልጠዋል።

ኮች ያሬድ፦
ስለ ሌላው ደህንነት ማንም አላነሳም። ከወለል እስከ ኮርኒስ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ብትወድቅ ማን ያያል? ከብርቱ ዋና በኋላ ሙቅ ሻወር ሥር መቆም ደም ግፊት ያወርዳል፤ ራስ መሳት አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አለ። እግር የሚታይበት ክፍተት የተተወው ለዚህ ነው፤ የወደቀ ሰው ይታያል፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት እግር ሲታይም ጥያቄ ይነሳል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ክፍል የጋራ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ሴት ልጅ ተገፍታ ብትገባ ከውጭ የሚታይ ምልክት አይኖርም። ገመና ስንጠብቅ ነፍስ እንዳናጣ።

ዳዊት፦
ኮች፣ የሚያስጨንቅ ነጥብ ነው፤ ሦስት ነገር ግዴታ ይሁን። አንደኛ፣ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ የወደቀው ሰው ገላ በሩን ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ ቀይ የድረሱልኝ ገመድ እስከ ወለል ይውረድ፤ ግማሽ ላይ ከቆመ ወለል ላይ የተኛ ሰው አይደርስበትም። ሦስተኛ፣ መቀርቀሪያው ከውጭ የሚከፈተው በልዩ ቁልፍ ይሁን። በሳንቲም የሚዞረውን ዓይነት ማንም ይከፍተዋል።

ሰብለ፦
ሦስቱም ሰው ይፈልጋሉ። ገመዱ ሲሳብ ማን ይሰማል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? የተለየ የሴቶች ክፍል ቢሆን አንዲት ሴት ተቆጣጣሪ ውስጥ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች፣ አጠገቧ ያሉት ሴቶችም ይደርሳሉ። ብዙ ሴቶች በአንድ ላይ መሆናቸው ራሱ ጥበቃ ነው።

ኮች ያሬድ፦
እስማማለሁ። ግን የምታሠለጥኚያቸው ልጆች ቢኖሩሽ አባት የስድስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ሲመጣ የት ትልኪዋለሽ? ብቻዋን ወደ ሴቶቹ? ወይስ ከአባቷ ጋር ወደ ወንዶቹ? ባሏን በዊልቸር የምትገፋ ሚስትስ? ሁለት ክፍል ብቻ ከሆነ ለእነዚህ ሰዎች በር የለም።

ፋጡማ፦
ለእነሱ ከመግቢያው አጠገብ አንድ ወይም ሁለት የቤተሰብ ክፍል ይሠራ። ዊልቸር የሚዞርበት 1.5 ሜትር ክብ ባዶ ቦታ፣ መደገፊያ ብረት፣ ታጣፊ አግዳሚ፣ የራሱ ሻወርና ሽንት ቤት። የሕንጻ አዋጁ የአካል ጉዳተኞችን መግቢያና መገልገያ ስለሚጠይቅ ይህ ክፍል በየትኛውም መንገድ መኖር አለበት። የጥቂቶቹ ችግር በዚህ ከተፈታ ሁሉንም ሴት ወደ ጋራ አዳራሽ ለማስገባት ምክንያት አይሆንም።

ጠበቃ ሄለን፦
ከሕግ በኩል ትንሽ ልበል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበራል ይላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ስለዚህ ተቋሙ «ለደህንነት ነው» ብሎ መቀየሪያ ውስጥ ካሜራ መትከል የለበትም፤ ካሜራው ከመግቢያው በር ውጭ ይሁን፤ ማን መቼ እንደገባ ያሳያል፣ ገላ አያሳይም። የእንግሊዝም ልምድ ይጠቅማል። ስለ ሽንት ቤቶች ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሕንጻ መመሪያቸው የሴትና የወንድ ተለይቶ እንዲሠራ ይጠይቃል፤ የጋራ የሚሆነው እጅ መታጠቢያው ጭምር ውስጡ ያለ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ክፍል ነው። ፋጡማ ስለ መንገዱ ያለችው እዚያ ውስጥ አለ፤ እጅ መታጠቢያው ሳይቀር ወደ ውስጥ የገባው በመሃል ሌላ የጋራ ቦታ እንዳይኖር ነው።

ድብቅ ካሜራ ከተገኘ፦ አትንቀሉት፣ አታጥፉት። አሻራና ማስታወሻ ካርዱ ማስረጃ ነው። ክፍሉን ቆልፉ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ 991 ደውሉ፣ የመግቢያው ካሜራ ቅጂ እንዳይጠፋ ወዲያው አስቀምጡ። ጥፋቱን «በይቅርታ እንጨርሰው» የሚል ሥራ አስኪያጅ ማስረጃውን እያጠፋ ነው።

ፋኖስ፦
ፍተሻውን ልጨምር፤ በየቀኑ ከመክፈት በፊት፣ በሴት ሠራተኛ። መብራት ይጥፋ፣ የስልክ ባትሪ ከፈታሿ ዓይን አጠገብ ተይዞ በዝግታ ይዙር፤ የካሜራ ዓይን ትንሽ ነጥብ ሆኖ ያበራል። የልብስ መስቀያ፣ የጭስ ጠቋሚ፣ የመሳቢያ ፍርግርግ፣ ትናንት ያልነበረ ሶኬት ይታይ። የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ በዚያው ቀን በሲሊኮን ይደፈን፤ ሳይቃጠል በቅጠል። የወለሉን ዝቅዝቅታ በሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ብታደርጉት ውሃው በራሱ ክፍል ፍሳሽ ይወርዳል፤ «ውሃ እንዲወጣ» ተብሎ የግድግዳ ሥር መክፈት አያስፈልግም። ለአየር ከበሩ ሥር ሁለት ጊዜ የታጠፈ ፍርግርግ ይግባ፤ አየር ያልፋል፣ እይታ አያልፍም።

ሰብለ፦
መብራት ሲጠፋስ? በዚህ ከተማ ይህን ሳይመልሱ መቀየሪያ ክፍል መንደፍ አይቻልም። አየር መሳቢያው ይቆማል፣ ክፍሉ ይታፈናል፣ ሰው በሩን ገርበብ ያደርጋል። በጨለማ የጋራ አዳራሽ ውስጥ።

ዳዊት፦
በየክፍሉ በባትሪ የሚሠራ የአደጋ መብራት፣ በተጨማሪም እስከ ጣሪያ የሚወጣ 10 ሴንቲ ቱቦ፤ ሙቅ አየር ያለ ማሽን ይወጣል። ጄኔሬተር እስኪነሳ ይበቃል። ምድር ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ቱቦው ስንት ፎቅ እንደሚያልፍ አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ሕንጻው ካለቀ በኋላ አይገባም። እውነቱን ለመናገር ምድር ቤት ላይ የጋራውን አልመክርም።

ፋጡማ፦
እንግዲያው ከየትኛውም ባለቤት ሁለት ሥዕል ይጠየቅ። አንዱ የቁመት ቁርጥ ነው፤ ክፍልፋዩ ወለልና ኮርኒስ መንካቱ ይታይበት። ሁለተኛው የወለል ፕላን ሆኖ አንዲት ሴት ከመግቢያ እስከ ገንዳ፣ ከገንዳ እስከ ሻወር፣ ከሻወር እስከ ልብሷ የምትሄድበት መስመር በቀይ ይሠመርበት። ቀዩ መስመር በፎጣ በምትሆንበት ቦታ ላይ የጋራ አዳራሽ ካቋረጠ ፈቃድ አይሰጠው።

ዳዊት፦
በዚህ እስማማለሁ። ይከልከል በሚለው ግን አሁንም አልስማማም፤ ቀዩ መስመር ያላቋረጠበት ሁሉ ይፈቀድ።

ሰብለ፦
እኔም አልለወጥኩም። መስመሩ በወረቀት ንጹሕ ሆኖ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ተቆጣጣሪ ከሌለ አይበቃኝም። ሴት ተቆጣጣሪ በየፈረቃው መኖሯ እንደ ግድግዳው ሁሉ የፈቃዱ አካል ይሁን።