የጮቄ ተራራ ሥራ ለ9ኛ ክፍል፦ የጋራ ዕቅድ፣ ረቂቅ 2

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁን ከላይ ለጥፌዋለሁ። እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ። ዓርብ ለወላጅ ኮሚቴው ካልገባ ብሩ ለአጥር ይሄዳል። ዓምና የሆነውን ታውቁታላችሁ።

የጂኦግራፊው፦ "ስለ ጮቄ ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ አምጡ" ማለት ይብቃን። ባለፈው ሴሚስተር አንዱ ተማሪዬ ጮቄን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ፈለገ። የመጣለት ምግብ ያነቀው ሰው ጀርባው እንዴት እንደሚመታ ነው። ልጁ ምን ያድርግ፣ ገልብጦ አመጣው። ሦስት ገጽ። ራስጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "የጮቄ ተራራ" ይላል፤ ከሥሩ አንዱ ሌላውን ከኋላ አቅፎ ሆዱን ሲጫነው በእጁ ስሎታል። አሳምሮ ነው የሳለው። ስንት ልስጠው?

ዌብኩዌስት ለዚህ ነው የሚያስፈልገን። በርኒ ዶጅ የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1995 ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ነው። ገጾቹን መምህሩ ቀድሞ መርጦ ይሰጣል። ተማሪው ጊዜውን ሲፈልግ አይጨርስም፣ ያነበበው ላይ ያስባል። አራት አራት ይሆናሉ። አንዱ ጮቄ ላይ ገብስ አራሽ፣ አንዱ የውኃ ባለሙያ፣ አንዱ የደን ሰው፣ አንዱ ከታች ጨሞጋ ወንዝ ዳር የሚኖር። ጥያቄው አንድ ነው፦ ዳገቱ ይታረስ ወይስ ይከለል? ጨሞጋም፣ ሙጋም፣ ሱሃም፣ ተምጫም ከዚያው ነው የሚወርዱት። መልሱን ከየትም መገልበጥ አይቻልም፤ ተከራክረው ነው የሚያመጡት።

የፊዚክሱ፦ በጣም ጥሩ። ሊንኮቹን እኔ እሰበስባለሁ። እስከ ረቡዕ ጠብቁኝ።

ሒሳብ ያዡ፦ ረቂቁ ላይ ለዌብኩዌስት "የድረ ገጽ አሰሳ" የሚለውን ስም ማን አወጣው?

ጸሐፊዋ፦ እኔ። ምነው?

ሒሳብ ያዡ፦ አሰሳ ሲባል ወላጅ ምን ትዝ እንደሚለው ጠፍቶሽ ነው? ልጁ ቤት ገብቶ "ነገ ትምህርት ቤት አሰሳ አለ" ቢል ማን ይልከዋል?

የታሪኩ፦ እውነቱን ነው። ቅኝት ይባል።

የባዮሎጂዋ፦ ቅኝትም ያው ነው። ወይ ወታደር ነው ወይ ክራር።

የታሪኩ፦ እንግዲያው ዳሰሳ።

የባዮሎጂዋ፦ የ9ኛ ክፍል ሴቶችን "ኑ ዳሰሳ እንሥራ" በላቸዋ።

የታሪኩ፦ አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደዚያ ነው የምትወስጂው።

የባዮሎጂዋ፦ ወዴት? ጨርሰው።

ጸሐፊዋ፦ ኧረ በማርያም! ስሙ ይደርሳል።

ሒሳብ ያዡ፦ ስም ሳይጸድቅ ሳንቲም አላወጣም። የጄኔሬተሩን ደረሰኝ "ልዩ ልዩ" ብላችሁ አስገባችሁ፤ እስከ ዛሬ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

የአማርኛው ጋሼ፦ ልጆች፣ ምጣድም እኮ ይታሰሳል። እናቶቻችሁ ሊጥ ከማፍሰሳቸው በፊት በጎመን ዘር ሲያስሱት አላያችሁም? ያልታሰሰ ምጣድ እንጀራውን አይለቅም። ቃሉን ሌላ ሰው ወሰደው ብለን እኛ ልንተወው ነው? እንዲህ እያልን ስንቱን ለቀን ልንዘልቀው።

ሒሳብ ያዡ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው። ግን ወላጅ ስለ ምጣድ አያስብም።

የባዮሎጂዋ፦ እናትየው ታስባለች። አባትየው ነው የማያስበው።

የጂኦግራፊው፦ 41 መልእክት ስለ ስም! ስለ ምዘናው አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሠንጠረዡን ሁለት ሌሊት ነው የሠራሁት። እንዲህ ከሆነ ማኅበሩን እለቃለሁ።

የታሪኩ፦ ልቀቅ። ደግሞ ለምን ጮቄ ብቻ? ማርቆስ መንቆረር ስትባል የነበረውን ማሠራት እኔ አያምረኝም? ሁሌ ያንተ ተራራ።

የጂኦግራፊው፦ ተራራው የእኔ አይደለም። ረቂቅ ጽፈህ ብታመጣ ማን ከለከለህ?

ጸሐፊዋ (ረቡዕ)፦ የፊዚክሱ፣ ሊንኮቹስ?

ጸሐፊዋ (ሐሙስ ጠዋት)፦ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። አያነሳም።

የባዮሎጂዋ፦ ማታ ኦንላይን ነበር። ሌላኛው ግሩፕ ላይ የኳስ ቪዲዮ ለጥፏል።

የታሪኩ፦ ጂኦ፣ ማክሰኞ ደሜ ፈልቶ ነበር። ተወው።

የጂኦግራፊው፦ ትቼዋለሁ። መንቆረርንም እናስገባት።

የአይሲቲው፦ ሊንኩ ቢገኝስ፣ ኔት የጠፋ ቀን ምን ልትሆኑ ነው? ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ውክፔዲያን አንዴ አውርዶ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ክፍሉ ውስጥ በዋይፋይ ይነበባል። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋ ያልፋል፤ እሱን ባሕር ዳር ሄጄ አወርደዋለሁ። አበል ብቻ።

ሒሳብ ያዡ፦ ላፕቶፑ ማን ጋ ያድራል?

የአይሲቲው፦ እኔ ጋ።

ሒሳብ ያዡ፦ አያድርም። አበልም የለም።

የታሪኩ፦ ፕላዝማው ሲገባም እንዲህ ነበር የተባለው። አሁን ላዩ ላይ ጠመኔ እናስቀምጥበታለን።

የባዮሎጂዋ፦ ታዲያ ገጾቹን አትመን ብንሰጣቸውስ? ለአራት ልጅ አንድ ጥራዝ።

ሒሳብ ያዡ፦ ይሄ ይገባኛል። ወረቀት ይቆጠራል።

የጂኦግራፊው፦ ከታተመማ ኢንተርኔቱ የት ገባ?

የአይሲቲው፦ እኔም ልጠይቅ ስል ቀደምከኝ።

ጸሐፊዋ (ሐሙስ ማታ)፦ ረቂቅ 3 ተለጥፏል። ርእሱ "የንባብ ጽሑፎች ማባዣ" ሆኗል። አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ቀለም፣ 20 ደስጣ ወረቀት። አሰሳ የሚል ቃል የለበትም። ጋሼ ይቅርታ። የምትደግፉ አውራ ጣት አድርጉ፤ ነገ 3 ሰዓት ላይ ይገባል።

የጂኦግራፊው፦ ጮቄስ?

ጸሐፊዋ፦ አባሪ ላይ አለ። አንድ ገጽ ሰጥቼሃለሁ።

የጂኦግራፊው፦ ሠንጠረዡ ብቻውን ሁለት ገጽ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ፊደሉን አሳንሰው።

የፊዚክሱ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር። ሊንኮቹን ለማን ልላክ?

ሒሳብ ያዡ፦ የማሽኑ ክፍል ቁልፍ ሁለት ይቀረጽ። አንዱ እኔ ጋ ይሆናል።

የታሪኩ፦ ሁለተኛውስ?