ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቢሾፍቱ፦ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ዓመቱ እንዴት ነው?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የእኔ ሥራ ገላን፣ የባለቤቴ ዱከም ስለሆነ ቢሾፍቱ ቤት ተከራይተን፣ ከተመቸንም ወደፊት ቦታ ገዝተን ለመሥራት እያሰብን ነው። የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። ሐይቅ ዳርን የምናውቀው በቅዳሜና እሁድ ሽርሽር ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሚኖር ሰው ክረምቱ፣ በጋው፣ ትንኙ፣ ውኃው እንዴት ነው? ምን ዓይነት ቤትስ እንፈልግ? «ቆንጆ ከተማ ነው፣ ነይ» የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ እናንተ ዝርዝሩን ንገሩኝ።

ሆራ ማዶ፦
ቆንጆነቱን ለሌላው ልተወውና የውኃውን ልንገርሽ። ሆራ፣ ቢሾፍቱና ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ሐይቆች ናቸው። ዳራቸው አፋፍ ነው፤ ጥልቀቱ ሁለት ሦስት እርምጃ ሳትሄጂ ይጀምራል። ባቦጋያ መሃሉ ላይ 60 ሜትር ያልፋል። ጨለለቃ ግን ሜዳ ላይ የተኛ ስስ ውኃ ነው፤ ክረምት ሲወጣ ይሰፋል፣ በጋ ሲበረታ ይሸሻል። ሽታውም፣ ትንኙም፣ ወፉም የሚለያየው በዚህ ነው።

ከመስቀል እስከ ኅዳር መግቢያ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ጭቃው ጠጥሯል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ማሳው አረንጓዴ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ከባሕር ማዶ የሚሰደዱ ወፎች ጨለለቃ ይሰፍራሉ። ልጆቹን ይዘሽ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርገሽ ቁሚ፤ 3 ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ ውኃው ላይ ስለሚንቀጠቀጥ በባይኖኩላር እንኳ አንዱን ከአንዱ መለየት ያስቸግራል።

ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ «ሐይቁ ምን ሆነ?» ማለት ይጀምራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ በበረታበት ወቅት የላዩ ውኃ ይሞቅና ይቀላል፤ የታችኛው ቀዝቅዞ ይተኛል። ሁለቱ ስለማይቀላቀሉ ከታች ያለው ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ የሞተ አልጌና ቅጠል እየበሰበሰበትም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያጠራቅማል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ደረቁ ነፋስም ውኃውን እያተነነ ያቀዘቅዘዋል። የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ሲከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል። ያኔ ሐይቁ ይሸታል፣ ቀለሙ ይለወጣል፤ ሲብስ ዓሣው ኦክስጅን አጥቶ ይንሳፈፋል። በየዓመቱ እኩል አይከፋም። ለረጅም ጊዜ ሳይቀላቀል ቆይቶ በአንዴ ሲገለበጥ ነው ጉዳቱ የሚበረታው። መርዝ ተጨመረበት የሚለው ወሬ አብሮ መነሣቱ አይቀርም፤ እሱን ተዪው፤ ዓሣውን ግን አትብሉት።

ችግሩ ይህ ወቅት ከገና ጾም ጋር መግጠሙ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ ስለሆነ (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንክፈተው) ሞቶ ተንሳፍፎ የተለቀመ ዓሣ ገበያ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከኅዳር 15 እስከ ገና ድረስ የተፋቀና የተመለጠ ሥጋ አትግዢ፤ ሙሉውን ግዢ። ስንጥቡን (ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን መተንፈሻውን) ገልጠሽ እዪው፤ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ተዪው። ዓይኑ ወጣ ያለና ጥርት ያለ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን ወዲያው የሚመለስ ይሁን። ዋጋውን ስታሰቢ ከ1 ኪሎ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ከ300 እስከ 350 ግራም ብቻ መሆኑን አትርሺ።

ጥርና የካቲት አቧራ ነው፤ የጤፍ ውቂያው ገለባም ይጨመርበታል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ቤቱ ከአስፋልት ቢጠጋ ይሻላል። በጋ ላይ ጀልባ ከፈለጋችሁ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሣል። የ4 ዓመቷ ወይም የ4 ዓመቱ ልጅ ዳር ላይ ሲጫወትም ቢሆን የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ ቅድም ያልኩት አፋፍ ቀልድ አያውቅም።

ግንበኛው፦
ስለ ውኃው ከላይ የተባለው በቂ ነው። ስለ ቤቱ ልቀጥል።

እዚያ ሁለት ዓይነት መሬት አለ። የሐይቆቹ አፋፍ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ አመድና ገረጋንቲ ነው። ወደ ሜዳው፣ ወደ ጤፍ ማሳው ስትወጪ ጥቁር አፈር ይጀምራል። ጥቁር አፈር በበጋ መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በላዩ ያለ ቀላል ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ስትከራዪ የመስኮትና የበር ማዕዘን እዪ። ልስኑ ላይ ብቻ ያለ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ምንም አይደለም። ከማዕዘኑ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ ከሆነ ግን ብሎኬቱም ተሰንጥቋል፤ ያንን ቤት ተዪው። «አዲስ ቀለም ነው» ከተባልሽ ጠርጥሪ። ከተቻለ ቤቱን በነሐሴ እዪው፤ የሚጣበቅ በር፣ የሚተኛ ውኃ፣ የሚረጥብ ግድግዳ ሁሉ ያኔ ይታያል።

ለምትሠሩት ቤት ደግሞ፦ ጥቁሩ አፈር ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ከሆነ ሙሉውን ቆርጦ ማውጣት ነው። በምትኩ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተረጨና እየተጠቀጠቀ ይሞላል። 60 ሴንቲ በአንዴ ደፍቶ ከላይ ብቻ የሚጠቀጥቅ አለ፤ ታቹ ሳይጠጥር ይቀርና ወለሉ ይሰምጣል። አፈሩ ከዚያ ከጠለቀ መሐንዲስ ሳያይ አትጀምሩ። በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ይደረግ፤ መሠረቱ ሥር ውኃ ካልገባ አፈሩም አያብጥም። ባሕር ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ፤ ሥሩ አፈሩን አድርቆ ቤቱን በአንድ ወገን ያስቀምጠዋል።

የሽንት ቤት ጉድጓዱንም ጠይቂ። ጥቁር አፈር ላይ በክረምት ፍሳሹ አይሰርግም፤ ስለዚህ ሐምሌ ላይ ይሞላና መጣጭ መኪና ፍለጋ ነው። አፋፉ ላይ በተቃራኒው ቶሎ ይሰርጋል፤ «ሞልቶብን አያውቅም» ብለው ያሞግሱልሻል፤ የሚሰርገው ግን ወደ ከርሰ ምድር ውኃውና ወደ ሐይቁ ነው። ግቢው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ካለ ከሽንት ቤቱ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ብዙ ግቢ ደግሞ 30 ሜትር ርዝመት የለውም።

የጉድጓድ ውኃ ለመጠጥ ከሆነ ፍሎራይድ ይመርመር። ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው ያለው፤ አንዱ ጉድጓድ ደህና ሆኖ የጎረቤቱ ሊበዛ ይችላል። ወሰኑ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት አይቀንሰውም፤ ውኃው ሲተን ጭራሽ ይጨምራል። ጥርስ የሚያበላሸው ከድድ ሥር ገና በሚሠራበት ዕድሜ ስለሆነ ለትንሹ ልጅሽ ነው የሚያሳስበው። ናሙናውን ግማሽ ሊትር በሚይዝ ንጹሕ ፕላስቲክ ውሰጂ፤ በጠርሙስ አይሁን።

ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣበት ሠፈር ከሆነ ለአራት ሰው በቀን 200 ሊትር አስቢ። 2,000 ሊትር ሮቶ 10 ቀን ያቆያል። ሮቶውን በዓመት ሁለቴ እጠቡት፦ ዝቃጩን አውጥቶ ማሸት፣ ሞልቶ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና መጨመር፣ ቧንቧዎቹን ሽታው እስኪመጣ ከፍቶ መዝጋት፣ አሳድሮ ሙሉውን መድፋትና ማጠብ። ያ ውኃ ለመጠጥ አይሆንም፤ የጓሮ አትክልትም ላይ አይደፋ።

ጤና ባለሙያ፦
ስለ ወባ ማንም አላነሣም! ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ አዲስ አበባ የለመዳችሁት ከፍታ አይደለም። ዋናው ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የወባ ትንኝ የምትራባው ገደላማ ዳር ባለው ጥልቅ ውኃ ሳይሆን ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ ኩሬ ነው፦ የጨለለቃ ጥግ፣ የግንባታ ጉድጓድ፣ የብሎኬት ማምረቻ ኩሬ፣ የመኪና ጎማ የቆፈረው መንገድ። ቤት ስትመርጡ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ እዩ።

በኬሚካል የተነከረ አጎበር ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ስቀሉ፤ ጫፉ ፍራሽ ሥር ይግባ። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃና በተራ ሳሙና፣ ሲሰጣ ጥላ ላይ። በበረኪና የታጠበ ወይም ፀሐይ ላይ የዋለ አጎበር ኬሚካሉን ያጣና ተራ መረብ ይሆናል። ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ደሙ ይታይ። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሰንብቶ ካተኮሰውም ለሐኪሙ «ከቢሾፍቱ ነው የመጣው» በሉ፤ አለበለዚያ ጉንፋን ነው ተብሎ ቀን ይባክናል።

የፍጥነት መንገዱ፦
መንገዱን በአጭሩ። ለገላን ሥራ የፍጥነት መንገዱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ዓርብ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የሚወጣው መዝናኛ ፈላጊ ሁሉ በአንቺ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጉም አለ፤ 120 ተፈቅዷል ተብሎ አይነዳም። ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ በሚከበርበት እሁድ ሆራ አርሰዲ ላይ ሕዝቡ ስለሚበዛ መንገድ ይዘጋል። አስቤዛውንም ነዳጁንም እስከ ሐሙስ ጨርሱና በዓሉን በእግር ውጡ። ሌላው፣ የአየር ኃይል ከተማ ስለሆነ ሕፃን የሚቀሰቅስ የጄት ድምፅ አለ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ ያየነው አንዱ ቤት አፋፉ ላይ ነው፤ አከራዩ «በፓምፕ ከሐይቁ እየሳብሽ አትክልት ታጠጫለሽ» ይላል። ይሆናል?

ግንበኛው፦
አይሆንም። የእነዚህ ሐይቆች ውኃ መውጫ ስለሌለው ሶዳ ያዘለ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ምንም አይመስልም፤ ከዚያ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ይወጣል፣ አፈሩ እንደ ሲሚንቶ ይደፈናል። መጀመሪያ የሚጎዳው አቮካዶ ነው፤ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል።

በምትኩ አከራዩን አሸንዳ አስጠግኚው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ የሚባክነው ተቀንሶ 800 ሊትር ይገባልሻል፤ ሐምሌ ላይ ሮቶ መሙላት የቀናት ጉዳይ ነው። በጋውን ሙሉ አታጠጪበትም፤ ችግኝ ግን ያሻግራል። የበጋው አቧራ ጣሪያው ላይ ስለሚጠራቀም የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ዝናቦች ወደ ውጭ ድፊ። ከቆርቆሮ የተጠራቀመ ዝናብ የጉድጓዱ ፍሎራይድ የለበትም፤ የጉድጓዱ ምርመራ ከፍ ካለ፣ አፍልተሽ ለትንሹ ልጅ መጠጥ የምታውዪው እሱን ነው።