አልፋው 0.41 ወጣ፣ አማካሪዬ አላጸድቅም አለ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

መምህርት ከወረዳ
ሰላም ለዚህ ቤት። የቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር) ማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ላይ ነኝ። የፓይለት (የሙከራ) መጠይቅ ዳታዬን ዛሬ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አስገብቼ ሳሠራው ክሮንባህ አልፋው፣ ማለትም የመጠይቁ ጥያቄዎች አብረው መሄዳቸውን የሚለካው ቁጥር፣ 0.41 ሆኖ ቁጭ አለ። አማካሪዬ ደግሞ ከ0.70 በታች ከሆነ መጠይቁን አላጸድቅም፣ ዋናውን ዳታ መሰብሰብ አትጀምሪም ብሎኛል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ትምህርት ቤቱ የፈቀደልኝ ሰኞ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ፈተና ይገባሉ፣ ከፈተና በኋላ ደግሞ ማንንም አላገኝም። መጠይቁ እኮ የታወቀ ነው፣ እኔ የፈጠርኩት አይደለም! የሞሉት 40 ተማሪዎች ናቸው። የትኛውን ጥያቄ ላውጣ? ማታ መብራት ስለሚሄድ ቶሎ መልሱልኝ።

ጦና በር
አይዞሽ እህቴ፣ ቀላል ነው። ሪላያቢሊቲውን (የአስተማማኝነት ስሌቱን) ስታሠሪ "ስታቲስቲክስ" የሚለውን ተጭነሽ "ስኬል ኢፍ አይተም ዲሊትድ" ላይ ምልክት አድርጊ። የትኛው ጥያቄ ቢወጣ አልፋው ስንት እንደሚሆን ያሳይሻል። ከፍ የሚያደርገውን እያወጣሽ ሂጂ፣ 0.70 ሲሞላ አቁሚ። አለቀ።

ሳሚ ቁጥር
0.41? እኛ ባች በስታቲስቲክስ ኮርስ ካመጣነው ውጤት ይሻላል 😂 አይዞሽ፣ ይስተካከላል።

ጋሽ መምህር
ልጄ፣ ከመቸኮልሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። የዛሬ ልጆች አልፋን እንደ መንጃ ፈቃድ ነው የምታዩት፤ 0.70 ካለ ታልፋላችሁ፣ ከሌለ ትወድቃላችሁ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ክሮንባህ በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ስሌት የሚነግርሽ ጥያቄዎቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ብቻ ነው። አስተማማኝነት ሌላ፣ ተገቢነት ሌላ። 0.95 ያለው መጠይቅ ልትለኪ ያሰብሽውን ላይለካ ይችላል። ደግሞ አልፋ የመጠይቁ ቋሚ ንብረት አይደለም፣ በዚያ ቀን ከእነዚያ ልጆች ያገኘሽው ዳታ ውጤት ነው። ስለዚህ "የታወቀ ነው" ማለትሽ አያድንሽም። እዚያ ሠርቶ እዚህ ላይሠራ ይችላል። ጥያቄ እያወጡ ቁጥር መሙላት ደግሞ ምርምር አይባልም፣ ጦና በር የሚለውን አትስሚ።

ጦና በር
ጋሼ በአክብሮት፣ ልጅቷ ሰኞ ነው ያለባት። ትምህርቱን ከዲፌንስ (ቴሲሱን ፈታኞች ፊት ካቀረበች) በኋላ ትማረዋለች።

ሕይወት ዘ ቴፍል
እህት፣ መጠይቁን ስሙን እንኳን አልነገርሽንም። እስኪ እነዚህን መልሺልን፤ ምንድን ነው የሚለካው? ስንት ጥያቄ አለው? ወደ አማርኛ አስተርጉመሻል ወይስ በእንግሊዝኛ ነው የሞሉት? ያልተመለሰ ጥያቄ ሲያጋጥምሽ ምን ቁጥር አስገባሽ? በተቃራኒ የተጻፉትን ጥያቄዎች ገልብጠሻል? ስታሠሪው ጾታና ዕድሜን አብረሽ አስገብተሽ ይሆን? ብዙ ሰው ሁሉንም ቫሪያብል (የዳታ ዓምድ) ጎትቶ ይከታል። ያለ እነዚህ መልሶች የትኛውን ጥያቄ ላውጣ ለሚለው ማንም መልስ ሊሰጥሽ አይችልም።

ደላላ አይደለሁም
ለምን ትሰቃያለሽ? ዳታ የሚሠራ ልጅ አለ፣ በአንድ ሌሊት አስተካክሎ ይሰጥሻል። ዋጋውም ብዙ አይደለም። ውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሕይወት ዘ ቴፍል
እባክህ ይሄን እዚህ አታምጣ። "አስተካክሎ ይሰጥሻል" ማለት ቁጥር ፈጥሮ ይሰጥሻል ማለት ነው። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ ይሄን እንዴት አገኘሽ ሲላት ያ ልጅ አጠገቧ አይቆምም።

መምህርት ከወረዳ
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የእነሆርዊትዝ የክፍል ውስጥ የቋንቋ ፍርሃት መጠይቅ ነው፣ 33 ጥያቄ ያለው። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ስለሆኑ ወደ አማርኛ አስተርጉሜዋለሁ፣ የአማርኛ መምህር የሆነ ባልደረባዬም አይቶታል። 5 በጣም እስማማለሁ፣ 1 በጣም አልስማማም። ባዶ የተዉትን 99 እያልኩ ነው ያስገባሁት። ጾታና ዕድሜ አላስገባሁም። ገልብጠሻል ወይ ያልሽው ምን ማለት ነው ሕይወት? መብራት ገና አልሄደም፣ እየጠበቅኩ ነው።

ሕይወት ዘ ቴፍል
በቃ፣ ችግሩ ተገኘ። እንዲያውም ሁለት ችግር ነው። ረጋ ብለሽ ተከተዪኝ።

በዚህ መጠይቅ ውስጥ ከ33ቱ ዘጠኙ በተቃራኒ የተጻፉ ናቸው፤ 2፣ 5፣ 8፣ 11፣ 14፣ 18፣ 22፣ 28 እና 32። ለምሳሌ 1ኛው ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስናገር በራሴ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም ነው የሚለው። 18ኛው ደግሞ ስናገር በራስ መተማመን ይሰማኛል ነው። የምትፈራ ልጅ በሐቅ ከሞላች 1ኛው ላይ 5፣ 18ኛው ላይ 1 ታከብባለች። አንቺ ሳትገለብጪ ስታስገቢው ኤስፒኤስኤስ ልጅቷ ከራሷ ጋር የተጣላች ይመስለዋል። አልፋው የሚወድቀው በዚህ ነው። ደግሞ አስቢው፣ 33 ጥያቄ ይዞ 0.41 ማለት በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ዝምድና 0.02 ገደማ ነው፣ ማለትም ከምንም አይቆጠርም። ልጆች በግዴለሽነት ቢሞሉም እንዲህ ሊወርድ ይችላል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ኮዱን፣ ማለትም ቁጥሮቹ እንዴት እንደገቡ ነው የማየው።

ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢ። መጀመሪያ 99ኙን። "ቫሪያብል ቪው" ግቢ፣ "ሚሲንግ" የሚለው ዓምድ ላይ "ዲስክሪት" ብለሽ 99 ጻፊ፣ ለ33ቱም ቅጂው። ይህን ሳታደርጊ ከገለበጥሽ 6 ሲቀነስ 99 ኔጌቲቭ 93 ይሆንና ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ። ደግሞ 99 ተንኮለኛ ነው። አንዳንዴ አልፋውን ያወርደዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ልጅ ሙሉ ገጽ ዘሎ ከሆነ ያ ሁሉ 99 አብሮ ስለሚሄድ አልፋውን በሐሰት ይሰቅለዋል፣ ያኔ ደስ ብሎሽ ትተኛለሽ።

ከዚያ "ትራንስፎርም"፣ "ኮምፒዩት ቫሪያብል"። አዲስ ስም ስጪው፣ ጥያቄ 2 ከሆነ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ጨምሪበት። ቀመሩ 6 ሲቀነስ ጥያቄ 2 ነው። 5 የነበረው 1 ይሆናል፣ 4ቱ 2፣ 3ቱ እዚያው። ዘጠኙንም እንዲህ አድርጊ። የድሮውን ቫሪያብል አትደምስሺ።

መጨረሻ ላይ "አናላይዝ"፣ "ስኬል"፣ "ሪላያቢሊቲ አናሊሲስ" ግቢ። 24ቱን ያልተገለበጡትንና ዘጠኙን አዲሶቹን ብቻ አስገቢ። ውጤቱን ላኪልን።

ሳሚ ቁጥር
ጨምሬ ልበል፣ ከሁሉም በፊት "ዲስክሪፕቲቭስ" አሠሪና ትንሹንና ትልቁን ቁጥር እዪ። 55 ወይም 44 የሚል ካለ ጣትሽ ሁለቴ ነክቶ ነው። መገልበጡ ካስቸገረሽ ደግሞ ጃሞቪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ እዚያ የሚገለበጡትን ጥያቄዎች ወደ አንድ ሳጥን ጎትተሽ ትጨምሪያለሽ፣ ራሱ ይገለብጠዋል።

ጦና በር
ያም ሆኖ ካልሞላ ጥያቄ አውጪ። እኔ አሁንም እሱን ነው የምለው።

ቤቲ ሜሪላንድ
እኔ ግን ከሥሩ ልጠይቅሽ። ለምን ይሄን ሁሉ ቁጥር? እኔ አሜሪካ ቴሶል (እንግሊዝኛ የማስተማር) ማስተርስ ነው የምማረው። እዚህ ብዙ ፕሮግራም ቴሲስ አያስገድድም። ክፍል ገብተሽ ታስተምሪያለሽ፣ መምህር ቁጭ ብሎ ያይሻል፣ መጨረሻ ላይ ያዘጋጀሽውን ትምህርትና ግምገማሽን ሰብስበሽ ታስገቢያለሽ። ልጆቹ ለምን እንደሚፈሩ ማወቅ ከፈለግሽ ስድስት ልጅ አስቀምጠሽ ማውራት አይሻልም? በ33 ጥያቄ የሚነገር ፍርሃት አለ?

ሕይወት ዘ ቴፍል
ቤቲዬ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ለእሷ ግን ፕሮፖዛሉ ጸድቋል። ሐሙስ ማታ ዲዛይን ቀይሪ ማለት ሌላ ዓመት ተማሪ ማለት ነው። ቃለ መጠይቅ ከመጠይቁ በኋላ መጨመር ትችላለች።

ጋሽ መምህር
የቤቲ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አይጣልም። ይህ መጠይቅ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተሞከረው ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የውጭ ቋንቋ በሚማሩ አሜሪካውያን ላይ። 0.93 የሚባለው አልፋ የተገኘው ከ108 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። አሁን 14ኛውንና 32ኛውን ተመልከቱ። ሁለቱም ቋንቋውን አፍ ከፈታበት ሰው ጋር ስለማውራትና አጠገቡ ስለመሆን ነው የሚጠይቁት። የወረዳ 9ኛ ክፍል ልጅ እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው የት አይቶ ነው የሚመልሰው? ገምቶ ይሞላል። ሌላም አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ የሚፈራው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜን ብቻ አይደለም፣ የባዮሎጂ መምህሩ እጅ አውጡ ሲልም አንገቱን ይደፋል። መጠይቁ ይህን አይጠይቅም። ቴሲስሽ ውስጥ ይህን ብትጽፊ ከአልፋው የበለጠ ዋጋ አለው።

መምህርት ከወረዳ
ጋሼ ይሄ ያሉት እውነት ነው፣ የባዮሎጂው በዓይኔ የማየው ነገር ነው። ጥያቄ ለመጠየቅ ፈልገው ቃሉ በእንግሊዝኛ ስለማይመጣላቸው ደብተራቸው ላይ አጎንብሰው ይቀራሉ። የወረዳ ልጅ አይገባውም የሚሉትን ስሰማ ስለሚያንገበግበኝ ነው ይህን ርዕስ የመረጥኩት።

ውጤቱን ላምጣ። ሕይወት ባልሽው አደረግኩት። 0.83!!! እግዜር ይስጥሽ። ግን 2ኛውና 22ኛው ጥያቄ "ኮሬክትድ አይተም ቶታል ኮሬሌሽን" (ጥያቄው ከሌሎቹ ድምር ጋር ያለው ዝምድና) ላይ አሁንም ኔጌቲቭ ናቸው። ሁለቱን አውጥቼ ሳሠራው አልፋው 0.86 ይሆናል። ላውጣቸው? ወይስ የረሳሁት ነገር አለ?

ጦና በር
አላልኩም? አውጪያቸው።

ሕይወት ዘ ቴፍል
እሰይ! ግን አሁን አታውጪ። 0.83 ይበቃሻል፣ አማካሪሽም ከዚህ በላይ አልጠየቀም። 40 ልጅ ትንሽ ነው፣ በ40 ልጅ ኔጌቲቭ የወጣው በዋናው ዳታ ሊስተካከል ይችላል። ጥያቄ ካወጣሽ ደግሞ ውጤትሽን 33ቱን ከተጠቀሙ ሌሎች ጥናቶች ጋር ማወዳደር ይከብድሻል፣ ጠቅላላ ነጥቡ ከ33 እስከ 165 መሆኑ ይቀራል።

ይልቅ ሁለቱን ጥያቄዎች በአማርኛ እንዴት እንደጻፍሻቸው ንገሪኝ። 2ኛው ክፍል ውስጥ ብሳሳት አልጨነቅም፣ 22ኛው በደንብ ተዘጋጅቼ ለመምጣት ጫና አይሰማኝም የሚሉ ናቸው መሰለኝ። ሁለቱም "አል" እና "አይ" ብለው ይጀምሩና ልጁ የሚጨነቅ ከሆነ "አልጨነቅም በሚለው አልስማማም" ብሎ ማክበብ አለበት። አዋቂም ይደናገርበታል። ልጁ የመጀመሪያውን "እጨነቃለሁ" አስቦ "እስማማለሁ" ላይ ያከብባል።

ነገ አርብ ነው አይደል? ፓይለቱን ከሞሉት ልጆች አራት አምስቱን በእረፍት ሰዓት ጠርተሽ ጥያቄውን ጮክ ብለው ያንብቡልሽ፣ ምን ማለት ነው በዪያቸው፣ ለምን ይህን አከበብክ በዪ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ካልገባቸው አማርኛውን ቀለል አድርጊው፤ ለምሳሌ ብሳሳትም ግድ የለኝም። ትርጉሙ እዚያው ነው፣ ሁለት ጊዜ መካድ ይቀርላቸዋል። የቀየርሽውን ምዕራፍ ሦስት ላይ ጻፊ። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ "አል" ያለበትን ሁሉ እንዳትገለብጪ። 1ኛው እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም ይላል፣ ግን የሚለካው ፍርሃትን ስለሆነ አይገለበጥም። የሚታየው ሰዋስው ሳይሆን መስማማቱ ፍርሃትን ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለው ነው።

ጋሽ መምህር
ሕይወት የልብ አደረሽኝ። አንቺም ልጄ፣ ነገ ለአማካሪሽ 0.83ን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። 0.41ን ከየት ወደ የት እንዳመጣሽው አንድ ገጽ ጽፈሽ አሳዪው፣ የተገለበጡትን ቁጥሮች ዘርዝሪ፣ የልጆቹን መልስ ጨምሪ። ምዕራፍ ሦስት ላይም 0.93ን የራስሽ አስመስለሽ አትጻፊ። ያ የቴክሳሶቹ ነው፣ ያንቺው 0.83 ነው። ዋናው ዳታ ሲገባ ደግሞ እንደገና አሠሪ።

መምህርት ከወረዳ
እሺ ጋሼ፣ እሺ ሕይወት። መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ፣ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። ነገ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ።

አቤል ደብረ ማርቆስ
ሰላም፣ ይቅርታ ዘግይቼ ነው። የእኔ አልፋ ጭራሽ ኔጌቲቭ 0.12 ነው የወጣው። መጠይቁ ሌላ ነው፣ ስለ መጻፍ ነው፣ 20 ጥያቄ። አልፋ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል እንዴ?

ሳሚ ቁጥር
ይችላል ወንድሜ፣ ያው በሽታ ነው። ኤስፒኤስኤስ ራሱ ከሰንጠረዡ ሥር ኮዳችሁን ተመልከቱ የሚል ማስታወሻ ያወጣልሃል። የሚገለበጡትን ለይና ሕይወት ከላይ የጻፈችውን ተከተል። 99 ካለህ ከሱ ጀምር።

ሕይወት ዘ ቴፍል
አቤል፣ ጥያቄዎቹን ጻፍልንና አብረን እንለያቸው። መምህርት ከወረዳ፣ ሰኞ እንዴት ሆነልሽ?